ትልን በትል፦ የፎገራ አትክልተኛና በአፈር ውስጥ ያሉት ረዳቶቹ

(በማኅበራችን የሐሙስ ማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ተናጋሪው የወረታ አካባቢ ተወላጅና የዕፀዋት ጥበቃ ተማሪ ነው።)



የማኅበራችን ሊቀ መንበር ዛሬ ማታ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ ስለ ምን እንደምናገር ብዙ አሰብሁ። ከእኔ በፊት በዚህ መድረክ ላይ የቆሙት ጓደኞቼ ስለ አገር አስተዳደር፣ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ዓለም ፖለቲካ ሲናገሩ ሰምቻቸዋለሁ። እኔ ግን ከሁሉ ይበልጥ የማውቀው ሽንኩርት ነው። የተወለድሁት ከወረታ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከጉማራ ወንዝ አጠገብ ነውና፣ በማላውቀው ነገር ከምመጻደቅ በማውቀው ነገር ብሳሳት ይሻላል ብዬ ቈረጥሁ። ስለዚህ የዛሬው ርእሴ ትል ነው። ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ አያለሁ፤ ፈገግታችሁን እስከ መጨረሻው አቆዩልኝ።

አገሩን ለማታውቁት ጥቂት ልናገር። የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ ለጥ ያለ መሬት ሲሆን፣ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ርብና ጉማራ የሚባሉት ሁለት ወንዞች ከጉና ተራራ ወገን ደለል ተሸክመው ይወርዱና በዚሁ ሜዳ ላይ አልፈው ጣና ይገባሉ። አፈሩ ዋልካ ነው። በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ በበጋ ደግሞ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ሜዳው ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው በፎገራ ከብት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን ሩዝ መጣ። በ1980ዎቹ በጅግናና በሻጋ የነበሩት የገበሬዎች ማኅበራት ሩዙን ተቀብለው ዘሩት፤ ዛሬም «ኤክስ ጅግና» እየተባለ የሚጠራው ዝርያ የዚያን ሥፍራ ስም ይዞ ይኖራል። በወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሟል። ይህን የማነሣው በኋላ ስለምመለስበት ነው፤ የፎገራ ገበሬ አዲስ ነገር አይወድም የሚል ሰው ቢኖር፣ ያ ሰው የሩዝን ታሪክ አያውቅም ማለት ነው።

የሩዙ አጨዳ በጥቅምትና በኅዳር ሲያልቅ ገበሬው አያርፍም። በቀረው ርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። የውሃ ሞተር ያለው ወይም መከራየት የሚችል ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ይተክላል። ሩዙና ጓያው የቤት ቀለብ ናቸው፤ ሽንኩርቱ ግን የልጅ ደብተር፣ የቆርቆሮ ቤት፣ የዕዳ መክፈያ ነው። እኔ ራሴ በሽንኩርት ገንዘብ የተማርሁ ስለሆንሁ ሽንኩርትን እንደ ተራ ነገር ልናገርበት አልችልም።

ዳሩ ግን ሽንኩርትና ቲማቲም ጠላታቸው ብዙ ነው። ገና በችግኝ መደብ ላይ ሳሉ ቆራጭ ትል ሌሊት ይወጣና ችግኙን ከአንገቱ ይቆርጠዋል፤ ሲነጋ አፈር ውስጥ ገብቶ ተጠቅልሎ ይተኛል። ገበሬው ጧት ሲመጣ የሚያየው የወደቀ ችግኝ ብቻ ነው፤ ሌባው የለም። የጢንዚዛ እጭ ደግሞ ከአፈር ሳይወጣ ሥር ይበላል። ትሪፕስ የሽንኩርቱን ቅጠል እየመጠጠ ያነጣዋል። ቲማቲሙን እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀው ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ተባይ ቅጠሉንና ፍሬውን እየሰረሰረ ያበላሸዋል። በ2017 ደግሞ ከአሜሪካ የመጣው ተምች ደርሶ በቆሎውን ወረረው።

ለዚህ ሁሉ የእኛ ገበሬ አንድ መልስ አለው፤ እርሱም «መድኃኒት» ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ይህን ቃል እንመርምረው። በፈረንጅ አገር ለተባይ የሚረጨውን ነገር የሚጠሩት ገዳይ ብለው ነው። እኛ ግን ለሰው ከሚሰጠው ፈውስ ጋር በአንድ ስም እንጠራዋለን። «ሽንኩርቱን መድኃኒት ረጨሁት» እንላለን። ስሙ መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ማን ይፈራዋል? ብዙ ሲሆን ይበልጥ የሚያድን፣ ሁለት ሦስቱ ሲደባለቅ ይበልጥ የሚበረታ ይመስለናል። ባዶ ጠርሙሱም ታጥቦ ውሃ ይቀዳበታል፤ የመድኃኒት ጠርሙስ ነዋ!

እኔም ይህን ከማንም አልሰማሁትም፤ በራሴ ላይ ደርሷል። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በጥር ወር፣ የአጎቴን ሽንኩርት እንድረጭ በጀርባ የሚታዘለውን መርጫ ተሸከምሁ። በአፌ ላይ ያሠርሁት ነገር አልነበረም። መርጫው ያፈስ ስለነበረ ጀርባዬ ረጥቦ ነበር፤ ነፋሱም ወደ እኔ ነበር። ከቀትር በኋላ ራሴን አዞረኝ፤ ምራቄ በዛ፤ ከቦዩ አጠገብ ተቀምጬ አስመለሰኝ። እናቴ ወተት አጠጣችኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ እጄን ይዛ አደረች። በማግሥቱ ተሻለኝ። በዚያው ሳምንት የጎረቤታችን ቀፎ ንቦቹ ከበሩ ላይ እንደ ገብስ ፈስሰው ተገኙ። የንቦቹ መሞት በእኔ መርጨት ይሁን በሌላ ሰው መርጨት አልተመረመረም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ነገር መድኃኒት ብዬ ለመጥራት አፌ አይታዘዝልኝም። ከዚህም ሌላ ሜዳችን ተፋሰሱ ወደ ጣና መሆኑን አትርሱ። በሽንኩርቱ ላይ የተረጨው ነገር ዝናም ወይም የመስኖ ውሃ ሲያጥበው የሚሄድበት ሌላ አገር የለውም፤ መንገዱ በርብና በጉማራ በኩል ወደ ሐይቁ ነው።

ይህን ስል አጎቴን መውቀሴ አይደለም። በችግኝ መደቡ ላይ ግማሹ ችግኝ ወድቆ ያደረ ሰው ምን ያድርግ? «አትርጭ» ብቻ ብለን ሌላ መሣሪያ ሳንሰጠው ብንሄድ፣ ምክራችን ዳቦ ለጠየቀ ሰው ስብከት እንደ መስጠት ይሆናል። እንግዲህ ሌላ መሣሪያ አለ ወይ? አንድ አለ፤ እርሱም ትል ነው።

በሳይንስ ቋንቋ ኔማቶድ የሚባሉት ድቡልቡል ትሎች ወገናቸው እጅግ ብዙ ነው። ሁላችንም በልጅነታችን የምናውቀው ወስፋት ከነርሱ አንዱ ነው። የቲማቲምን ሥር እያሳበጠ ተክሉን የሚያቀጭጨውም ከነርሱ አንዱ ነው። ስለዚህ ኔማቶድ የሚል ቃል ሲሰሙ ፊታቸውን የሚያጠቍሩ መምህራን እንዳሉን አውቃለሁ። ነገር ግን ከዚሁ ወገን ሰውንም፣ ከብትንም፣ ተክልንም የማይነኩ፣ ኑሯቸው በነፍሳት ሆድ ውስጥ ብቻ የሆነ አሉ። ዋነኞቹ ሁለት ወገኖች ሲሆኑ፣ ስታይነርኔማና ሄትሮራብዳይትስ ይባላሉ።

ሥራቸው እንዲህ ነው። ወጣቱ ትል ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ነው። አፉ የተዘጋ ስለሆነ አይበላም፤ በሰውነቱ ውስጥ ባጠራቀመው ስብ ብቻ ለሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ለወራት በአፈር ውስጥ ይቆያል። አንዳንዱ ዝርያ በጅራቱ ቆሞ እንደ መንገድ ጠባቂ የሚያልፈውን ነፍሳት ይጠብቃል፤ ሌላው ደግሞ ሽታ እየተከተለ እንደ አዳኝ በአፈሩ ውስጥ ይዞራል። እጩን ባገኘ ጊዜ በአፉ ወይም በኋላው ወይም በመተንፈሻ ቀዳዳው በኩል ይገባል። ከገባ በኋላ ግን የሚገድለው እርሱ ብቻውን አይደለም። በሆዱ ውስጥ ባክቴሪያ ተሸክሞ ይመጣል። ያን ባክቴሪያ በነፍሳቱ ደም ውስጥ ይለቀዋል፤ ባክቴሪያውም እየተባዛ ነፍሳቱን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይገድለዋል። ከዚያ በኋላ ትሉ ባክቴሪያውንና የሟሟውን ሥጋ እየበላ ያድጋል፤ ይራባል። በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ከአንድ ትልቅ እጭ ሬሳ ከ100 ሺህ በላይ አዳዲስ ወጣት ትሎች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱም የባክቴሪያ ስንቁን ይዞ ነው።

በዚህ ውስጥ የሚያስደንቀኝ ነገር ጓደኝነታቸው ነው። ባክቴሪያው ብቻውን በአፈር ውስጥ ሄዶ ነፍሳት ሊያገኝ አይችልም፤ ትሉ ደግሞ ያለ ባክቴሪያው ነፍሳቱን እንደዚያ ፈጥኖ ለመግደልም በደንብ ለመራባትም አይችልም። አንዱ ፈረስ፣ ሌላው ጦረኛ ነው። ባክቴሪያው ሬሳው እንዳይበሰብስና ሌላ ተሻሚ እንዳይገባበት የሚከላከል ነገርም ያመነጫል። በሄትሮራብዳይትስ የሞተ እጭ እንደ ጡብ ይቀላል፤ በጨለማ ውስጥም በጣም ደብዛዛ ብርሃን ይሰጣል። በስታይነርኔማ የሞተው ደግሞ ወደ ቢጫነት ወይም ወደ ቡናማነት ያደላል። ሁለቱም አይሸቱም። ጠቁሮ የሸተተ እጭ ካገኛችሁ በሌላ ነገር ነው የሞተው።

ይህ ነገር አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1929 ሩዶልፍ ግላዘር የሚባል ሳይንቲስት በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ክፍለ ሀገር፣ ከጃፓን የመጣው ጢንዚዛ እጭ በትል ተወሮ መሞቱን አየ። በ1930ዎቹም ትሉን በላቦራቶሪ እያራባ በሜዳ ላይ በትኖታል። በኋላ ኃይለኛ ፀረ ተባይ ኬሚካሎች በገበያ ላይ ሲፈሱ ግን ትሉ ተረሳ። የኬሚካሎቹ ጉዳት ከታወቀ በኋላ ሰዎቹ ወደ ተረሳው ትል ተመለሱ። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ በፋብሪካ እየተራባ በፓኬት ይሸጣል። በአህጉራችንም በሩዋንዳ ተመራማሪዎች ከራሳቸው አፈር ያገኙትን ስታይነርኔማ ከልምጭ ካለ ነገር ጋር ለውሰው በበቆሎው ሙሽራ ቅጠል ውስጥ በማድረግ ተምችን ለመግደል ሞክረው በ2022 ጥሩ ውጤት ማግኘታቸውን አሳውቀዋል።

«ይህ ሁሉ የሰው አገር ወሬ ነው፤ በእኛ አገርስ?» የሚል ይኖራል። በአገራችንማ ስማችንን የያዘ ትል አለ! በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የአገራችንን አፈር መርምረው ነበር። ከሲዳማ፣ ከይርጋለም አካባቢ የተገኘው ዝርያ ለሳይንስ አዲስ ሆኖ ስለ ተገኘ እ.ኤ.አ. በ2004 ስታይነርኔማ ይርጋለሜንሴ ተብሎ ተሰየመ። በ2012 ደግሞ ሌላ አዲስ ዝርያ ስታይነርኔማ ኢትዮፒየንሴ የሚል ስም ተሰጠው። ይኸው የይርጋለሙ ዝርያ በኋላ በደቡብ አፍሪካ አፈር ውስጥም ተገኘ። የስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የፖምና የብርቱካን ፍሬ በሚያጠቁ የእሳት እራቶች ላይ እየሞከሩት፣ በፈሳሽ ውስጥ በብዛት የሚራባበትንም መንገድ እያጠኑ ብዙ ጽፈውበታል። እነርሱ ከራሳቸው አፈር አግኝተው ሠሩበት፤ ማንም አልሰረቀንም። ይሁን እንጂ የይርጋለም ስም በደቡብ አፍሪካ የፍራፍሬ ተክል ውስጥ ሲነሣ፣ በይርጋለምም በወረታም ያለ ገበሬ ስለ ነገሩ ሰምቶ አለማወቁ ለእኛ ለተማሪዎች የሚያኰራ ነው ወይ? ስሙ የእኛ ሆኖ ሥራው የሌላ ሲሆን ዝም ብለን የምናጨበጭብ ከሆነ፣ ትምህርታችን የስም ትምህርት ነው ማለት ነው።

አሁን ግን ተስፋውን ከልኩ እንዳላሳልፈው ስለምፈራ፣ ትሉ የማይችለውን ልናገር።

አንደኛ፣ ፀሐይና ድርቀት ይገድሉታል። ስለዚህ በቅጠል ላይ ለሚኖረው ትሪፕስ የሚሆን መድኃኒት አገኘሁ ብዬ አልዋሻችሁም። የትሪፕስም የዕድሜው ከፊል፣ የቱታ አብሶሉታም ሙሽሬ የሚሆንበት ጊዜ በአፈር ውስጥ ስለሚያልፍ በዚያ በኩል ሊያገኛቸው ይችላል፤ ግን ዋናው የትሉ ሜዳ አፈር ነው። እንግዲህ ለእርሱ የሚገባው ጠላት ቀን ቀን አፈር ውስጥ የሚተኛው ቆራጭ ትልና የጢንዚዛ እጭ ነው።

ሁለተኛ፣ የእኛ ዋልካ አፈር ለትሉ ቀላል መንገድ አይደለም። ትሉ የሚሄደው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ባለው ቀጭን የውሃ ሽፋን ላይ ነው፤ በአሸዋማ አፈር እንደ ልቡ ሲሄድ፣ በዋልካ ግን መተላለፊያው ይጠብበታል። በክረምት ውሃ ሲተኛበት አየር ያጣል፤ በበጋ ሲሰነጠቅ ደግሞ ይደርቃል። ስለዚህ ወቅቱ የመስኖው ወቅት፣ ሥፍራውም ፍግ የተቀላቀለበትና በየቀኑ ውሃ የሚጠጣው የችግኝ መደብ መሆን አለበት። እንደ ዕድል ሆኖ ቆራጭ ትሉ ይበልጥ የሚያስለቅሰንም እዚያው ነው። የሜዳው አየር ሁኔታም መጠነኛ ስለሆነ ሙቀቱ የሚከለክለው አይደለም።

ሦስተኛው ነገር ሒሳብ ነው። የተለመደው መጠን በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 25 ትል፣ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር 250 ሺህ ነው። ወርዱ አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ አሥር ሜትር ለሆነ የችግኝ መደብ 2.5 ሚሊዮን ትል ያስፈልጋል። ከአንድ ትልቅ እጭ 100 ሺህ ትል ብቻ ይገኛል ብንል እንኳ 25 እጭ ይበቃል ማለት ነው። ይህን አንድ ተማሪ በጠረጴዛው ላይ ሊያራባው ይችላል። ለአንድ ሔክታር ግን 2.5 ቢሊዮን ትል፣ ማለት 25 ሺህ እጭ ያስፈልጋል፤ ይህ የፋብሪካ ሥራ ነው። ስለዚህ «ሜዳውን በሙሉ በትል እናድነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ሒሳብ አሳዩት። እኔ የምለው ከመደቡ እንጀምር ነው። ችግኙ ከዳነ የዓመቱ ሥራ ግማሹ ዳነ።

በእጅ የሚሠራ መሆኑ ግን ድካም ነው እንጂ ነውር አይደለም። በኩባ በየገጠሩ በተሠሩ ትናንሽ ማዕከሎች ሄትሮራብዳይትስን በሰም ትል ላይ እያራቡ ለገበሬ ሲሰጡ ኖረዋል። በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ሰሜናዊ ክፍል ደግሞ የአልፋልፋን ሥር የሚበላ ጢንዚዛ ያስቸገራቸው ገበሬዎች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ካስተማሯቸው በኋላ፣ የአገሩን ትል በሰም ትል ላይ ራሳቸው በቤታቸው እያራቡ በማሳቸው ውስጥ በትነዋል። የአገሩ ትል ስለሆነም በአፈሩ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ቆይቶ ሥራውን ቀጥሏል። አዋቂ መምህርና ትጉህ ገበሬ ከተገናኙ ፋብሪካ ሳይቀድም ሥራ ይቀድማል ማለት ነው።

የሰም ትል ያልሁትን የወረታ ንብ አናቢዎች በሚገባ ያውቁታል። የደከመ ቀፎ ውስጥ ገብቶ ሰፈፉን የሚበላው፣ ድር የሚያደራው ያ የተጠላ ትል ነው። ለዚህ ሥራ ከእርሱ የተሻለ እጭ የለም። በአንድ በኩል የንብ አናቢው ጠላት፣ በሌላ በኩል የአትክልተኛው ረዳት መኖ ሆነ ማለት ነው። እግዜር የፈጠረው ነገር ሁሉ ቦታውን ካገኘ ሥራ አያጣም።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ የመጣሁት ንግግር ለማድረግ ብቻ አይደለም፤ ሥራ ልለምናችሁ ነው።

በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችሁ ስትሄዱ፣ ግማሽ ኪሎ የሚሆን እርጥብ አፈር ከአንድ ክንድ ባልበለጠ ጥልቀት ቆፍራችሁ በላስቲክ ይዛችሁልኝ ኑ። ፀሐይ አታስመቱት። ከወንዝ ዳር ዛፎች ሥር፣ ከቡናና ከጌሾ ጓሮ ይሁን። በተለይም ማረሻ ነክቶት ከማያውቀው ከቤተ ክርስቲያን ደን አፈር ብታገኙ መልካም ነው፤ በደቡብ ጎንደር እንዲህ ያለ ደን ያለበት ደብር ብዙ ነውና። ነገር ግን አለቃውን ወይም ቄሰ ገበዙን ሳታስፈቅዱ እንዳትቆፍሩ። አፈሩ የተወሰደበትን ሥፍራ፣ ቀኑንና የዛፉን ዓይነት ጽፋችሁ አያይዙበት። ያለ ሥፍራ ስም የመጣ አፈር አፈር ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ቀላል ነው። አፈሩን ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አድርገን አሥር የሰም ትል እንጨምርበታለን፤ ጨለማና ቀዝቀዝ ባለ ሥፍራ እናስቀምጠዋለን። በየሁለት ቀኑ እያየን የሞተውን እናወጣለን። ጡብ መስሎ የቀላ ወይም ሳይሸት የቢጫ ቡናማ መልክ የያዘ ካገኘን፣ ዝቅ ያለ ሳህን ውስጥ ውሃ እናደርግና በመካከሉ ትንሽ ሳህን ገልብጠን በላዩ እርጥብ ወረቀት እናነጥፋለን፤ ሬሳውን በወረቀቱ ላይ እናኖራለን። የወረቀቱ ጠርዝ ውሃውን መንካት አለበት። በአሥር ወይም በአሥራ አራት ቀን ወጣቶቹ ትሎች ከሬሳው ወጥተው በወረቀቱ በኩል ወደ ውሃው ይወርዳሉ፤ ውሃው ደመና እንደ ገባበት ይሆናል። እነርሱን ወስደን በአዲስ የሰም ትል ላይ መልሰን እንሞክራቸዋለን። ገደሉት ማለት የምንፈልገው ተገኘ ማለት ነው። የትኛው ዝርያ እንደሆነ ለመለየት ግን መምህሮቻችንንና በአምቦ የግብርና ምርምር ማዕከል ያሉትን አዋቂዎች መጠየቅ ይኖርብናል።

ለምን ከውጭ ገዝተን አናስመጣም? የሚለኝ ይኖራል። የውጭውን ዝርያ ያለ መንግሥት ፈቃድ ማስገባት አይገባም፤ ትሉ ሕይወት ያለው ስለሆነም በመንገድ ሲሞቅ ይሞታል፤ ዋጋውም የችግኝ መደብ ላለው ገበሬ አይሆንም። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በዋልካችንና በአየራችን የኖረ ትል ካለ፣ እርሱን ከመፈለግ በፊት የሌላውን መግዛት ስንፍና ነው።

ሰውን አይጎዳም ወይ? የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው። እነዚህ ትሎች በሰው ሰውነት ሙቀት ውስጥ ለመኖር የተፈጠሩ አይደሉም፤ ብዙ ዓመት በሠራባቸው አገር ሁሉ ለሰውና ለከብት ጉዳት የሌላቸው መሆኑ ስለ ታወቀ፣ በአሜሪካ እንደ ኬሚካሎቹ መመዝገብ እንኳ አይጠየቁም። በአፈር ውስጥ ያለ ሌላ ነፍሳት ሊገድሉ ይችላሉ፤ ይህን አልደብቅም። ነገር ግን የሚሠሩት በተደረጉበት መደብ ውስጥ ነው እንጂ ተንጠፍጥፈው ወደ ጣና የሚያደርሱት መርዝ የለም። የረጨውም ልጅ ጀርባው ቢረጥብ እናቱ ሌሊቱን ስታለቅስ አታድርም።

በሥራ ላይ ሲውል የሚጠበቅበት ደንብም ጥቂት ነው። የሚጠጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። መደቡ ከመጠጣቱ በፊትም በኋላም ውሃ ማግኘት አለበት። ትሉ ያለበትን ውሃ ዝም ብላችሁ ካስቀመጣችሁት ወደ ታች ዘቅጦ ይታፈናልና ማነቃነቅ ያስፈልጋል። በመርጫ ከተሰጠ ቀጭኑ ማጥለያ ወጥቶ መሆን አለበት፤ መርጫውም መርዝ ያልያዘ ይሁን። በተራ የውሃ ማጠጫ ቢሰጥ ከሁሉ ይሻላል።

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን አገሬ ገብቼ ይህን ሁሉ ለአጎቴ ነገርኋቸው። ከመደባቸው አጠገብ ቁጢጥ ብለው ሰሙኝ። ሲያበቃ «ትልን በትል?» ብለው ሳቁ። ቀጥለውም፣ «አየህ ልጄ፣ ሩዝ የመጣ ጊዜም አባቴ እንዲህ ስቀው ነበር። ውሃ የሚተኛበት መሬት እህል ይሰጣል ሲሏቸው ያበዱ መሰሏቸው። በኋላ ግን የጎረቤታቸውን ማሳ ሄደው አዩ። እኔ ወረቀትህን አላነብም። አንዲት መደብ እሰጥሃለሁ፤ በአጠገቧ ያለችውን እኔ እንደ ለመድሁት አደርጋለሁ። ጧት ጧት የወደቀውን ችግኝ አብረን እንቆጥራለን» አሉኝ።

ጓደኞቼ፣ ከዚህ የበለጠ የሳይንስ ፈተና በዚህ ግቢ ውስጥ ተሰጥቶኝ አያውቅም። አጎቴ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ማነጻጸሪያ መደብ አዘጋጅተውልኛል፤ ቆጠራውንም አዘውልኛል። የጐደለው ትሉ ብቻ ነው። ትሉም ያለው በሰው አገር ፋብሪካ ውስጥ ሳይሆን ምናልባት እናንተ በምታመጡት አፈር ውስጥ ነው። ምናልባት ያልሁት ሆን ብዬ ነው፤ ላናገኘው እንችላለን። ካላገኘነው አላገኘነውም ብለን በዚሁ ጋዜጣ እንጽፋለን፤ ካገኘነውም የወደቀውንና የተረፈውን ችግኝ ቆጥረን፣ ሁለቱንም መደብ ሳንደብቅ እንጽፋለን።

በሚመጣው ኅዳር ሩዙ ታጭዶ የሽንኩርቱ መደብ ሲዘጋጅ አጎቴ ይጠይቁኛል። ባዶ እጄን እንዳልሄድ እርዱኝ። ግማሽ ኪሎ አፈር ለማንም የሚከብድ አይመስለኝም።